ጎማ የሚያዳምጠው ሰውዬ

«የምሥራች!» አሉኝ ሽማግሌው ሾፌር፣ ከጋቢናቸው ሳይወርዱ።

«ምሥር ይብሉ ጋሼ» አልኳቸው እንደ ወጉ።

ሰኞ ረፋድ ነበር። ሎጊያ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ካለው የሸራ ጥላዬ ሥር ተቀምጬ የአንድ ቦቴ መጋረጃ እጠልፍ ነበር። እሳቸው የመጀመሪያው ደንበኛዬ ናቸው። ወደ ጅቡቲ ሲወርዱም ሲመለሱም እኔ ዘንድ ሳይቆሙ አያልፉም። በመስኮት ጎንበስ ብለው ፊታቸው እየሳቀ ነገሩኝ።

«አዋሽ መኪናዬን አቁሜ ሻይ ስጠጣ አንድ ሰውዬ መጥቶ በመስኮት ወደ ውስጥ ያያል። ምን ሊሰርቅ ነው ብዬ ተነሣሁ። ለካ መጋረጃዬን ነው የሚያየው። ቆየ፣ ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ!›»

መርፌው እጄ ላይ ቆመ።

«‹ደግሞ አንተ በክር የተሠራህ የማን ሰው ነህ?› ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ከመኪናው መዶሻውን አመጣና የኔኑ ጎማ ኳ! ኳ! አድርጎ ጆሮውን ሰጠው። ወላሂ ቁርጥ መጋረጃው! ማን ሠራው ሲለኝ፣ ሎጊያ ያለችው ባለ ጥልፏ አልኩት። ልጅ አላት ወይ ሲለኝ፣ አላት እንጂ፣ ምዝዝ ያለች አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እህቴ። ሐሙስ እመጣለሁ በልልኝ ብሏል።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሣሁ።

«ምነው? ዘመድሽ አይደለም እንዴ?»

«የልጄ አባት ነው።»

«ጎሽ! ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ ምሥራች ከየት ይመጣል?»

ደግ ሰው ናቸው፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው ነው። የዚያን ሰውዬ ቤት ጥዬ ስወጣ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዱላውን ለምጄው ነበር፤ ክፉ ነገር ነው፣ ግን ይለመዳል። ያስወጣኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከወዳጁ ጋር ሲቅሙ ውለው ልጄን ሰጠው። «ስትደርስ ያንተ ናት» ብሎ እጅ ተማቱ። ያ ወዳጁ በዕድሜ ከራሱ ከሰውዬውም ይበልጣል። ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሽማግሌዎቹም «የአባት ቃል ነው፤ ደግሞ ገና ሕፃን ናት፣ እስክትደርስ አላህ ያውቃል» ብለው ወደ ቤቴ መለሱኝ። ይኸው አሁን አሥራ ሦስት ሞላት። በእነሱ ቁጥር ደርሳለች።

ደግሞ ሰው ይጠይቀኛል፣ ከአዋሽ ሸሽተሽ እንዴት እዚያው መንገድ ላይ ተቀመጥሽ ብሎ። እሱ የባቡር ሰው ነበራ! ባቡሩ አዋሽ ጣቢያ ሲቆም መዶሻውን ይዞ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየሄደ የባቡሩን የብረት እግር እየመታ ያዳምጣል። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይሻክራል፣ ጤነኛው ይዘፍናል ይል ነበር። የባቡር ሰው ከሐዲዱ አይወጣም ብዬ አሰብኩና ሐዲድ የሌለበትን መንገድ መርጬ በአስፋልቱ ወረድኩ። ሎጊያ ሾፌር በልቶ የሚያድርባት፣ ሰው ከየትም መጥቶ «አንቺ የማን ነሽ?» የማይባልባት ከተማ ናት። ጎረቤቷ ሰመራ ደግሞ ያኔ ቢሮና ትምህርት ቤት የሚሠራባት አዲስ ከተማ ነበረች። ባቡሩ ራሱ ሥራ እንደሚያቆም፣ እሱም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በእኔው አስፋልት እንደሚመጣ በምን ልወቅ?

ስለ መጋረጃው ልንገር፤ ጥፋቱ ከዚያ ነውና። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ግን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ይህንንም የጻፍኩት በስንት ቀን ነው። ስሥል ግን እጄ የሌላ ሰው እጅ ነው። በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ መኝታ አለ፤ በመኝታው ፊት መጋረጃ ይንጠለጠላል። ሾፌር ከቤቱ ይልቅ እሱን ያስጌጣል። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት እፈታና ንጹሑን የውስጥ ወረቀት አወጣለሁ፤ በከሰል እሥልበታለሁ፤ መስመሩን በመርፌ ነጥብ በነጥብ እበሳዋለሁ። ከዚያ ጨርቁ ላይ አነጥፈውና የከሰል ዱቄት በቋጠርኩበት ጨርቅ መታ መታ ሳደርገው ሥዕሉ በነጥብ ይወርዳል። ክሩን በነጥቡ ላይ እነዳለሁ።

መጀመሪያ አበባና ግመል ነበር የምጠልፈው። እኒህ ሽማግሌ ናቸው «እስቲ በር ላይ ቆማ ሰው የምትጠብቅ ሴት ሥሪልኝ» ያሉኝ። ሠራሁላቸው። ሌላው ሾፌር አይቶ መጣ። «ያቺን ሴትዮ ለኔም። ግን ማንን ነው የምትጠብቀው?» እኔ እንጃ! በር ላይ አቆምኳት እንጂ መች ጠየቅኋት? እሱ ግን ቆሞ መልስ ይጠብቃል። «ወንድሟን ነው» አልኩት። «ወንድሟ የት ሄደ?» እንዲህ እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። አንዱ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ይላል። ሚሌ ምግብ ቤት ተቀምጠው በእኔ ሴትዮ ይከራከራሉ አሉ፤ አንዱ ባል አላት ሲል፣ ሌላው የለም፣ እኔ መጋረጃ ላይ የወንድ ጫማ የለም ሲል።

ስለዚህ ከመጥለፌ በፊት ታሪኩን ማወቅ ነበረብኝ። በሲሚንቶው ወረቀት ላይ ትንንሽ ሳጥን አሰምራለሁ። በመጀመሪያው ሴትዮዋ በር ላይ ናት፤ በሁለተኛው ግመል አለፈ፤ በሦስተኛው አቧራ ታየ። ደስ ካላለኝ በእጄ ጠርጌ እንደገና እሥላለሁ። አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ካላሳመነችኝ አቆማታለሁ። ሳይጽፉ ማሰብ እንዲህ ነው።

ትልቁ ችግር ፊት ነው። ክር ፊት አይሠራም። ዓይን ብትጠልፊ ወይ ያፈጣል ወይ ይታወራል። ስለዚህ ሰዎቼ ሁሉ ጀርባቸውን የሰጡ ናቸው። ከጀርባው እንዲታወቅ ከፈለግሽ ደግሞ አቋቋሙን ማወቅ አለብሽ። እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሾፌሮቹን ሳይ እውል ነበር። አንዱ ከመቀመጡ በፊት ሱሪውን ሁለቴ ይስባል፤ ሌላው ሲዋሽ ክብደቱን ወደ አንድ እግሩ ያዞራል። ሰው በፊቱ ሊደብቅ ይችላል፤ በወገቡ አይችልም።

ታዲያ አንድ ቀን የሚጠበቀው ሰውዬ መምጣት አለበት አሉኝ፤ ሾፌሮቹ ሰለቻቸው። ስድስት ሰባት ወንድ ሣልኩ። ሁሉም ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ መሰሉ። ከዚያ ሳላስበው እጄ አንድ ሰው ሣለ፤ ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መዶሻ ይዞ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ጎማ የሚያዳምጥ። አየሁት። ማን እንደሆነም አወቅሁት። ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የወደድኩለት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነው። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ አላዳመጠኝም፤ ብረቱን ግን ያዳምጥ ነበር። ሾፌሮቹም ወደዱት፤ እነሱም ጎማ ይመታሉና። አሥር መኪና ላይ ጠለፍኩት፣ አሥራ አምስት ላይ። ክፉውን ትቼ ደጉን ሥያለሁ፣ ምን አለበት አልኩ። ክፉውን ብሥለው ኖሮ ራሱን አያውቀውም ነበር።

ያን ሰኞ ለሽማግሌው «ደውሉለትና ሐሙስ እንጠብቅሃለን በሉት» አልኳቸው። እሳቸውም «አላህ ቤትሽን ይሙላው» ብለው ስልካቸውን እየነካኩ ሄዱ። ደግ ሰው ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ክፍሉን ዘግቼ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ «የት እንሄዳለን?» አለችኝ። የሲሚንቶ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋሁ። ሌላ ማሰቢያ የለኝም።

በከሰል አንድ ረጅም መስመር ሣልኩ። ከታች አዋሽ፣ ከመካከል ሚሌ፣ ከፍ ሲል ሎጊያና ሰመራ፣ ከዚያ ዲቾቶ፣ ከዚያ ድንበሩ። ከአሮጌ ካርቶን ሦስት ሰው ቆርጠን አወጣን፤ እኔን፣ እሷን፣ እሱን። እየገፋን ሞከርን። ወደ ላይ ብንሄድ ዲቾቶን አልፎ ድንበር ነው፤ የይለፍ ወረቀት የለንም። ከአስፋልቱ ብንወጣ በረሃ ነው፤ ውሃው የት እንዳለ አናውቅም። ቁጭ ብንል እሱ ነው። ፖሊስ ጋ ብሄድ፣ አባት ነኝ ብሎ ሽማግሌ ይዞ ይገባል፤ ሽማግሌ ደግሞ አይቻለሁ። የቀረው ሚሌ ነው፤ ከሚሌ ወደ ደሴ የሚታጠፈው መንገድ። ሚሌ ላይ ግን የማይቆም መኪና የለም፣ የማያውቀኝ ሾፌርም የለም። በየጋቢናው የሰቀልኩት ሥራ አጥር ሆኖ ዞረብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ብገባ፣ ሚሌ ሳልደርስ «ባለ ጥልፏ ልጇን ይዛ ሄደች» የሚል ስልክ አዋሽ ይደርሳል፤ በክፋት አይደለም፣ በወሬ።

«ቢሆንልንስ ከሚሌ ወዴት?» አልኩ። «የትውልድ ቀበሌዬን ያውቃል። መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።»

«ቲቸር ጋ» አለች ልጄ።

አምና ሰመራ ያስተማረቻት፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ የተዛወረች መምህርት ናት። ክርስቲያን ናት፣ ማተቧን አስራ የምትሄድ። ልጄ ደወለችና ነገረቻት፤ ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ።

«በሉ ኑ» አለችኝ መምህርቷ። «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ግን በር አለው፣ ቁልፍም አለው።»

«እኛ እኮ እስላም ነን፣ እንዳናስቸግርሽ…»

«ሥጋውን ለየብቻ እንበላለን፤ ሽሮው የጋራ ነው። ደግሞ እዚህ የማውቀው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ አለ። ልጅቱን ይዘሽ ነይ አልኩሽ!»

የእኔንና የእሷን ካርቶን ኮምቦልቻ አስቀመጥኳቸው። እሱ ይህን ሊያስብ አይችልም። ሚስቱ ክርስቲያን ቤት ትገባለች ብሎ እሱ ሊያስብ? በሥዕልም አይመጣለትም።

ከመስመሩ ጎን ለየቀኑ አንድ አንድ ሳጥን አሰመርን። ልጄ የእሱን ካርቶን ሐሙስ በሚለው ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጥ ስትል እጇን ያዝኳት።

«አይሆንም። ይሄ እሱ አይደለም።»

«ሐሙስ ብሏል እኮ፣ እማ።»

«ድሬዳዋ አድራለሁ ሲል የሚመጣው የዚያኑ ዕለት ነበር። ሰው ሳያስብ መያዝ ይወዳል። ሐሙስ ካለ ረቡዕ ነው የሚገባው። ብቻውንም አይመጣም፤ ትክክል ነህ የሚለው ሰው ካላየ እንጀራ አይበላለትም። ሽማግሌ ይዞ ይመጣል።»

ሁለት ሽማግሌ ሠርተን ከጎኑ አቆምናቸው። ልጄ ጢም ሣለችላቸው። ከዚያ ተያየንና በዚያ ሁሉ መሐል ሳቅን።

እንግዲህ ማክሰኞ መውጣት አለብን። እዚሁ ቅርባችን ዱብቲ ጥጥ ሊለቅሙ ከወሎ የመጡ ሴቶች ሥራቸውን ጨርሰው ማክሰኞ ቀትር እንዳለፈ በአይሱዙ እንደሚወጡ ገበያ ሰምቼ ነበር። ከእነሱ ጋር ብንቀላቀል ማን ያየናል? ፊታችንን ከአቧራው በሻሽ እንሸፍናለን፣ እንደነሱ። ፊት ግን እንደማይበቃ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ሂጂ እስቲ» አልኳት ልጄን። ከአልጋው እስከ በሩ ሄደች፤ አንገቷ ቀጥ፣ ደረቷ ወጣ ያለ። «በአንድ እይታ ያውቁሻል። ሦስት ወር ጥጥ የለቀመች ሴት ወገቧ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዓይኗ ከጉልበት በላይ አይወጣም፤ ጥጡ እዚያ ነዋ! እጇን ደግሞ ከሰውነቷ አርቃ ነው የምትይዘው፤ ቆስሏል።» ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች። በስተመጨረሻ ያቺ ረጅሟ ልጄ ጠፍታ አንዲት የደከማት ሴት በሩ ጋ ቆመች። ልጅን እንዲህ ማስረጀት ደግ አይደለም።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አለኝ?»

«እማ! በር ላይ የምትጠብቀው ሴትዮ አንቺ ነሽ። በቀኝ እጇ ግራ ትከሻዋን ይዛ ነው የምትቆመው። አንቺም ሁልጊዜ እንደሱ ነሽ።»

ወደ ታች አየሁ። እጄ ትከሻዬ ላይ ነው። ያን ሁሉ መጋረጃ ስሠራ አንድም ቀን ራሴን እንደምሥል አላወቅሁም። ትከሻዬ ተሰብሮ የዳነ ነው፤ የሰበረው እሱ ነው።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣን። በእኛ አገር ሰው የማይታይበት ሰዓት ቀትር ነው፤ ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። የተጀመረውን መጋረጃ ከነመወጠሪያው ወንበሬ ላይ ተውኩት፣ ነጠላዬንም ከጎኑ፤ ያየ ሰው አሁን ትመለሳለች እንዲል። የሲሚንቶውን ወረቀት አቃጠልነው። ዱብቲ ደርሰን ከሴቶቹ ጋር ተቀላቀልን። አንዲት የሚጠባ ልጅ የያዘች ሴት እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠችን።

«ከየትኛው ካምፕ ናችሁ?»

«ከራቀው።»

«አላህ ይርዳችሁ፣ እዚያ ትንኙ ለብቻው ደሞዝ ይበላል ይባላል!» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀን።

መኪናው በሎጊያ ሲያልፍ ጥላዬን አየሁት። ነጠላዬ በነፋሱ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ እዚያ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለው። አንድ ሾፌር ቆሞ ይጠብቀኛል። ራሴን አቀርቅሬ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ አልኩ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከግራም ከቀኝም ጥቁር ድንጋይ። ከፊታችን በሚመጣው መኪና ሁሉ ውስጥ እሱ ነበር።

ሚሌ ስንደርስ ሾፌሩ «ምሳ፣ ሃያ ደቂቃ! አትበተኑ!» ብሎ ወረደ። እኛ ጭነቱ ላይ ቀረን። ውሃዬን ልጠጣ ጠርሙሱን ወደ አፌ ሳነሣ ሰማሁት።

ኳ። ኳ።

ጎማ የሚመታ ስንት ሾፌር አለ፣ እዚያ ከተማ የሚሰማው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። የልጄ አባት ግን ከመታ በኋላ ዝም ይላል፤ ሌላው ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው፣ እሱ ግን ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። ከእኛ ሦስት መኪና አልፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ቆሟል። ጸጉሩ ነጥቷል። በተሳቢው ጥላ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ።

ረቡዕ እንደሚገባ በትክክል ሥያለሁ፤ ሽማግሌዎቹንም ሥያለሁ። ሽማግሌ የሚሰበስበው መቼ ነው፣ የትስ ነው ብዬ ግን አልሣልኩም። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባዶ ትቼ ነበር፤ እኛ እዚያ ባዶ ውስጥ ገባን።

መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እኛ መጣ። ሥራ የፈታ ሰው አመጣጥ።

«እናንተ! ጥጡን ጨረሳችሁት ወይስ እሱ ጨረሳችሁ?»

«አንተን ጎማህ ይጨርስህ!» አለችው ባለ ሕፃኗ። ሴቶቹ አውካኩ። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ ረስቼው ነበር።

እንደ ቀልድ የአይሱዙውን የኋላ ጎማ መታው። ኳ። ሳቁ ቆመ። ጆሮውን አስጠጋ። እግሬ ከራሱ አንድ ክንድ አይርቅም። ደግሞ መታው። የኛ ሾፌር ጥርሱን እየፋቀ ከምግብ ቤቱ ሲወጣ ጠራው።

«ወንድም፣ ይሄ ጎማ ባቲ አያደርስህም። ከውስጥ ለቋል።»

«ተው እባክህ! አምና የገባ ነው።»

«እኔ የማዳምጠው ዓመቱን አይደለም። ሰው ነው የጫንከው፣ ቀይር።»

ሾፌሩም ጆሮውን ሰጠ፣ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀና «ውረዱ!» አለን። «ሁላችሁም ከነጓዛችሁ ውረዱ፣ ጎማ ልንቀይር ነው!»

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ልጄ ከፊቴ ወረደች፤ ወገቧን ሰብራ፣ እጇን ከጎኗ አርቃ፣ ዓይኗን ጉልበት ጉልበት እያየች በአጠገቡ አለፈች። እሱ አያት። ሲያያት አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ። እኔ ግን መሬት ላይ ስቆም እጄ ራሱን ችሎ ተነሥቶ ወደ ትከሻዬ መሄድ ጀመረ። አወቅሁ፣ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ ከዚያ ማዶ ሆና ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፣ መጮኽ አትችል።

«ያዢልኝ እስቲ እህቴ፣ ውሃ ልሽና» ብላ ባለ ሕፃኗ ሕፃኑን ደረቴ ላይ ጣለችው።

ሁለት እጄ ሞላ። ሕፃኑ ሰው ሲለወጥበት እሪ አለ። እሱ ዞር ብሎ ወደ እኛ አየ።

«ምን ሆኖ ነው?»

መልስ እየጠበቀ ነው። ድምፄን ያውቀዋል። ሕፃኑን ወደ ላይ ወደ ታች እየናጥኩ ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ጎማው ቶሎ ይቀየርልኝ እያለ ነው!» አለችው አንዷ ከኋላ፣ ሴቶቹም ሳቁ።

ሃያው ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። ብሎኑ ዝጎ አልፈታ አለ፤ እሱ እጅጌውን ጠቅልሎ አገዘ። እየፈታ ለሾፌራችን ሲያወራ እሰማለሁ። «ነገ ሎጊያ ነው የምገባው፣ ልጄን ልወስድ። አምስት ዓመት ሙሉ ተደብቃብኝ ነበር። አሁን ደርሳለች፣ እድራታለሁ።» ሾፌራችን «ማሻአላህ፣ ለሰርጉ ጥራን» አለው። ልጄ ይህን የሰማችው ጓዝ ላይ ተቀምጣ፣ መሬቱን እያየች ነው። አንገቷን ቀና አላደረገችም። እኔ ሕፃኑን ይዤ ቆሜ ነበር። ፀሐዩ ጀርባዬን ይጋግረዋል፣ ሕፃኑ ሸንቶብኛል፣ ክንዴ ደንዝዟል፤ እናቱ «አምጪው» ስትለኝ «ግድ የለም፣ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት። ደግ ሴት ናት ብላኝ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ጎማው ገባ። እሱ አዲሱንም መትቶ አዳመጠው። «ይሄ ይዘፍናል» አለ። ሾፌራችን አመሰገነው፤ እኛን ጫነን፤ መኪናው ተነሣና ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። በዚያ ከውስጡ በለቀቀ ጎማ ያን ዳገት ብንወጣ ምን እንሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። ጆሮው እውነተኛ ነበር። ይቅር እንድለው አላደረገኝም፤ ግን ሰውን በአንድ ሳጥን ውስጥ መሣል እንደማይቻል ያን ቀን አይቻለሁ።

ወደ ባቲ ስንወጣ አየሩ ተለወጠ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ፈቱ። ልጄ ግን ወገቧን እንደሰበረች ነበር። «በቃ፣ ተነሺ» ብላት «ትንሽ ቆይ፣ እማ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ከኋላችን የሚመጣውን መኪና ሁሉ ስቆጥር ነበር፣ ነጭ ሲመጣ እየደነገጥኩ፣ ቀይ ሲመጣ እየደነገጥኩ። ባለ ሕፃኗ ባቲ ስትወርድ «ልጄን አለመድሽብኝ» ብላ ስማኝ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኮምቦልቻ ገባን። መምህርቷ መኪና መቆሚያው ጋ ቆማ በእያንዳንዱ አይሱዙ ውስጥ ታይ ነበር። አላወቀችንም፤ ሁለት ጊዜ አይታን አለፈች። ልጄ ከጭነቱ ላይ ዘላ ወርዳ ቀጥ ብላ ቆመችና «ቲቸር!» አለቻት። ያኔ ነው የሮጠችው።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ እንዳለችውም በር አለው። ልጄን መጀመሪያ አስገባሁ፣ ከዚያ እኔ ገባሁ፣ ከዚያ መምህርቷ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው። በማግስቱ ወደ ሴቶች ጉዳይ ቢሮው ወሰደችን፤ የልጄ ዕድሜ ተጻፈ፣ ልትዳር እንደማትችልም ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። ያ የማግስቱ ነው። የዚያን ዕለት ምሽት ግን ያልኩት ይህን ብቻ ነው፣ ልጄን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፦

«ደርሰናል። አልወሰደሽም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።»